ክንዱን ያጣመረው ሯጭና ያልተነፋው ጡሩንባ

(በአምቦ ከተማ በዕድራችን ዓመታዊ ጠቅላላ ጉባኤ ላይ በሥራ አመራር ኮሚቴው ስም የተነበበ ንግግር)



በየዓመቱ የሒሳቡ ሪፖርት ከተሰማ በኋላ አንድ ንግግር ማሰማት የቆየ ልማዳችን ነው። አምና የቀብርን ወጪ ስለ መቀነስ ተናግረን ብዙ ሰው እንቅልፍ እንደ ወሰደው አይተናል፤ አንወቅሳችሁም፣ እኛንም ሊወስደን ምንም አልቀረው። የዘንድሮው ርእስ ግን የመጣው ከእናንተው ልጆች ነው። ወጣቶቻችን ከጉባኤው በኋላ ባለው እሑድ ከአምቦ እስከ ጉደር፣ 12 ኪሎ ሜትር ያህል፣ ሩጫ እናካሂድ ብለው ኮሚቴውን ጠየቁ። ደስ እያለን ፈቀድን። ቀጥለው ደግሞ ካናቴራው ላይ የፈይሳ ሌሊሳ ምስል፣ ያው ክንዱን ከራሱ በላይ አጣምሮ የሚታይበት፣ ይታተምልን አሉ። እዚህ ላይ ኮሚቴው ለሁለት ተከፈለ። ግማሾቻችን "ይህ የሰላምና የአንድነት ምልክት ነው" አልን። ግማሾቻችን ደግሞ "የተቃውሞ ምልክት ነው፣ ዕድር ደግሞ እንዲህ ያለ ነገር ውስጥ አይገባም" አልን። ሦስት ስብሰባ ፈጀን፤ ሻዩም አለቀ፣ ነገሩ ግን አላለቀም። በመጨረሻ ወደ እናንተ እናምጣው ተባባልን። እንግዲህ ድምፅ ከመስጠታችሁ በፊት ነገሩን ከሥሩ እንድናየው ነው የዛሬው ንግግር።

ፈይሳን የማያውቅ ሰው በዚህ አዳራሽ ይገኛል ብለን አናስብም፤ ሆኖም ብዙዎቻችን የምናውቀው ያችኑ አንዲት ፎቶግራፍ ነው። ልጁ የተወለደው በ1982 ዓ.ም. በጀልዱ ወረዳ ቱሉ ቡልቱማ ነው። ከጊንጪ ታጥፎ ወደ ጎጆ የሚወጣውን መንገድ የሄዳችሁበት አገሩን ታውቁታላችሁ፤ ገብስና ድንች የሚበቅልበት ደጋ፣ ዳገቱ እንኳን የሚሮጠውን የሚራመደውንም ትንፋሽ የሚያሳጥር። እ.ኤ.አ. በ2010 ገና የ20 ዓመት ልጅ ሳለ በሮተርዳም ማራቶን 2 ሰዓት ከ5 ደቂቃ ከ23 ሴኮንድ ገባ። በ2011 በዴጉ የዓለም ሻምፒዮና የነሐስ ሜዳልያ አገኘ፤ በ2012 በቺካጎ ሁለተኛ ወጣ፤ በ2016 መጀመሪያ ላይ ቶኪዮን አሸነፈ። ይህን ሁሉ የምንዘረዝረው ለጉራ አይደለም (ትንሽ ለጉራም ነው)፤ ልጁ በዚያች ቀን ሊያጣው የሚችለው ነገር ምን ያህል እንደ ነበረ እንድታዩት ነው።

ቀኑ እሑድ፣ ነሐሴ 15 ቀን 2008 ዓ.ም. ነው። በብራዚል በሪዮ ከተማ የኦሊምፒኩ ማራቶን የሚሮጠው በዝናብ ነበር። እኛ አገር ሰዓቱ ወደ አሥራ ሁለት ይጠጋ ነበር። ኬንያዊው ኤሊዩድ ኪፕቾጌ በ2 ሰዓት ከ8 ደቂቃ ከ44 ሴኮንድ አንደኛ ገባ። ከእሱ በኋላ 70 ሴኮንድ ቆይቶ የጀልዱው ልጅ መጣ፤ መስመሩ ጋ ሲደርስም ሁለት ክንዱን ከራሱ በላይ አንሥቶ አጣመረ። ከውድድሩ በኋላ በጋዜጠኞች ፊትም ደገመው። ለምን እንዳደረገው ሲጠየቅ፣ መንግሥት ወገኖቼን እየገደለ ነው፣ ዘመዶቼም እስር ቤት ናቸው፣ አገሬ ብመለስ ሊገድሉኝ ወይም ሊያስሩኝ ይችላሉ የሚል መልስ ሰጠ። ኢትዮጵያ ከሪዮ ይዛ የተመለሰችው ሜዳልያ ስምንት ነው፤ ከሁለቱ ብሮች አንዱ የእሱ ነበር። ባለሜዳልያው ግን ከቡድኑ ጋር አልተመለሰም።

ያ ዓመት ምን ዓይነት ዓመት እንደ ነበረ ለምዕራብ ሸዋ ሰው መተረክ "ለቀባሪው አረዱት" ነው የሚሆነው። ለልጆቻችን ሲባል ግን ባጭሩ እንበለው። በሚያዝያ 2006 ዓ.ም. በአዲስ አበባና በዙሪያዋ ማስተር ፕላን የተነሣ እዚህ አምቦ ላይ ደም ፈሰሰ። በኅዳር 2008 ዓ.ም. ደግሞ ጊንጪ ላይ የትምህርት ቤት ልጆች ተነሡ፤ መነሻው የጭልሞ ደንና ልጆች ኳስ የሚጫወቱበት ሜዳ ጉዳይ ነበር። የኳስ ሜዳ ምን አላት ያለ ሰው ነበር፤ ከዚያች ሜዳ የተነሣው ግን ክልሉን አዳረሰ። ማስተር ፕላኑ በጥር ወር ቀረ፣ ተቃውሞው ግን አልቀረም። ሐምሌ 24 ቀን ጎንደር ላይ የወጣው ሰልፈኛ በኦሮሚያ ለሚገደለው ሕዝብ የሚቆረቆር ጽሑፍ ይዞ እንደ ወጣ እናስታውሳለን፤ በዚያን ጊዜ ይህን የሰማ የአምቦ ሰው ዐይኑ እንባ ማቅረሩን የሚረሳ የለም። ፈይሳ ክንዱን ያጣመረው ከዚያ በኋላ ሦስት ሳምንት ቆይቶ ነው።

አሁን ለመናገር የሚከብደንን እንናገር።

በዚያው ዓመት በታኅሣሥ ወር የአንዲት አባላችን ልጅ በጥይት ተመቶ ሞተ። ደንባችን ግልጽ ነው፤ አባል ወይም የአባል ቤተሰብ ሲሞት ጡሩንባ ይነፋል፣ ድንኳን ይተከላል፣ አግዳሚውና ብረት ድስቱ ይወጣል፣ ሦስት ቀን ይቀመጣል። በምን ሞተ የሚል ጥያቄ ደንቡ ውስጥ የለም። እኛ ግን ፈራን። ጡሩንባ ነፊያችንን ሌሊት ጠርተን "የዛሬውን ተወው፣ ወሬው በአፍ ይዳረሳል" አልነው። ማንም አልከለከለንም። ይህን ስንል በሌላ ለማላከክ አይደለም፤ የከለከለን የገዛ ፍርሃታችን ነው። ቀብሩ ላይ የተገኘነው ጥቂት ነበርን፤ ድንኳኑም የተተከለው ቀብሩ ካለቀ በኋላ፣ ከሰዓት በኋላ ነው። ልናስተዛዝን ስንገባ እናታችን ከተቀመጡበት ቀና ብለው አዩንና "ጡሩንባው ተሰበረ እንዴ፣ ልጆቼ?" አሉን። መልስ አልነበረንም። ወለሉን እያየን ተቀመጥን።

ታዲያ ስምንት ወር ቆይቶ፣ በዚያች እሑድ፣ ከኮሚቴው አባላት በአንዱ ቤት ተሰብስበን ውድድሩን እናይ ነበር። ልጁ ክንዱን ሲያጣምር ቤቱ ጸጥ አለ። ከዚያ አንዱ ሽማግሌ ቀስ ብለው "እኛ ያልነፋነውን ጡሩንባ ነፋው" አሉ። ሁላችንም ግን እንዲህ አላሰብንም። ተቈጥተን የተነሣንም ነበርን። "ሚስቱና ሁለት ልጆቹ እዚህ አይደሉም እንዴ? ምን ሊያደርጓቸው ነው? ይህ ልጅ አብዷል!" አልን። ያን ጊዜ መንግሥት ፈይሳ ቢመለስ ምንም አይደርስበትም ብሎ አስታወቀ። እሱ አላመነም፤ ወደ አሜሪካ ሄዶ አሪዞና ውስጥ ልምምዱን ቀጠለ። ሚስቱና ልጆቹ የተገናኙት በየካቲት 2009 ዓ.ም. ነው፤ ስድስት ወር ያህል ማለት ነው። የሁለት ልጆች አባት የሆነ ሰው ስድስት ወር ምን ያህል እንደሚረዝም ያውቀዋል።

በመስከረም 2009 ዓ.ም. ቢሾፍቱ ላይ በኢሬቻ ዕለት ያ ሁሉ ሰው አለቀ፤ ወዲያውም የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ታወጀ። በአዋጁ መመሪያ ክንድ ከራስ በላይ አንሥቶ ማጣመር በስም ተጠቅሶ ተከለከለ። ልጆች አታምኑን ይሆናል፤ ግን የእጃችን አኳኋን እንኳ የሚያስፈራን ጊዜ ነበር። ብርድ ሲመታው ክንዱን ደረቱ ላይ የሚያጥፍ ሰው ዞር ብሎ ግራና ቀኝ ያይ ነበር።

እንግዲህ ከኮሚቴው ግማሹ ያነሣው ጥያቄ ይኸውና፤ መንግሥት የከለከለው፣ ሕዝብ የተነሣበት ምልክት እንዴት ብሎ የሰላም ምልክት ይሆናል? ጥያቄው የዋዛ አይደለም። መልስ ፍለጋ ከአምቦ ራቅ ብለን እንሂድ።

እ.ኤ.አ. በ1968 የኦሊምፒክ ጨዋታ በሜክሲኮ ነበር። እኛ የምናስታውሰው ማሞ ወልዴ ማራቶኑን ማሸነፉን ነው፤ ዓለም ግን የሚያስታውሰው ከዚያ አራት ቀን ቀድሞ የሆነውን ነው። በ200 ሜትር ሁለት ጥቁር አሜሪካውያን፣ ቶሚ ስሚዝ አንደኛ፣ ጆን ካርሎስ ሦስተኛ ወጡ። ሽልማቱ ላይ ባንዲራው ሲሰቀል አንገታቸውን ደፍተው በጥቁር ጓንት የተሸፈነ እጃቸውን ጨብጠው ወደ ላይ አነሡ። ከጨዋታው ተባረሩ፤ አገራቸው ሲመለሱም ስድብና ዛቻ ነው የጠበቃቸው። በመካከላቸው ሁለተኛ ሆኖ የቆመ አንድ ነጭ ነበር፤ ፒተር ኖርማን የሚባል አውስትራሊያዊ። እጁን አላነሣም፤ ነገር ግን እነሱ ያደረጉትን የሰብአዊ መብት አርማ ደረቱ ላይ አድርጎ ወጣ። ካርሎስ ጓንቱን ረስቶ ስለ መጣ አንዱን ጥንድ ተካፈሉ ብሎ የመከራቸውም እሱ ነው ይባላል፤ ስለዚህ ነው አንዱ ቀኝ ሌላው ግራ እጁን ያነሣው። ለዚህች አርማ ሲል ኖርማንም አገሩ ውስጥ ፊት ተነሣ። በዚያ ቀን የሮጠው 20.06 ሴኮንድ ከ50 ዓመት በላይ የአውስትራሊያ ክብረ ወሰን ሆኖ ኖሯል፤ የአውስትራሊያ ምክር ቤት ይቅርታ የጠየቀው ግን በ2012 ነው፤ ሰውየው ከሞተ ስድስት ዓመት በኋላ።

የዕድር ሰዎች ነንና አንድ ነገር ልብ በሉልን። ኖርማን እ.ኤ.አ. በ2006 ሲሞት ስሚዝና ካርሎስ ከአሜሪካ እስከ ሜልቦርን ድረስ ሄዱ፤ ሬሳ ሣጥኑንም ከፊት ሆነው በትከሻቸው ተሸከሙት። ሁለት ጥቁሮችና አንድ ነጭ፣ 38 ዓመት ሙሉ አንዲት ደቂቃ ያስተሳሰረቻቸው። ያ ፎቶግራፍ ከመጀመሪያው ይልቅ እኛን ይነካናል። ሬሳ መሸከም ምን ማለት እንደ ሆነ እዚህ አዳራሽ ውስጥ ላለ ሰው ማስረዳት አያስፈልግም።

ሌላም አለ። የኮት ዲቯሩ ኳስ ተጫዋች ዲዲየ ድሮግባ፣ አገሩ ለሁለት ተከፍላ እየተዋጋች ሳለ፣ እ.ኤ.አ. በ2005 ሱዳን ውስጥ አሸንፈው ለዓለም ዋንጫ ባለፉበት ቀን ልብስ መቀየሪያ ክፍል ውስጥ ማይክሮፎን ያዘ፤ ከጓደኞቹም ጋር ተንበርክኮ፣ በቴሌቪዥን፣ መሣሪያችሁን አስቀምጡ ብሎ ለመነ። በ2007 ደግሞ ብሔራዊ ቡድኑ የዐማፅያኑ ዋና ከተማ በነበረችው በቡዋኬ እንዲጫወት አደረገ፤ ማዳጋስካርን 5 ለ 0 ረቱ። ጦርነቱን ድሮግባ አቆመው የሚሉ አሉ፤ ነገሩን ማጋነን ነው። ከምርጫ በኋላ በ2010 መጨረሻ ላይ እንደገና ተዋግተዋልና። የሸዋው ልጅ ሌሊሳ ዴሲሳም በ2013 ቦስተንን አሸንፎ፣ በዚያው ቀን ቦምብ ሰው ስለ ገደለበት፣ ሜዳልያውን ተመልሶ ሄዶ ለከተማይቱ አስረክቧል። እሱ ብዙ አልተናገረም፤ ሰጠ፣ ሄደ።

ከእነዚህ ሁሉ የምናየው፣ በእኛ አስተያየት፣ ተናጋሪ ሁሉ የሰላም ሰው አለመሆኑን ነው። መናገርማ ማን ያቅተዋል? በየቡና ቤቱ ስንሰማው የምናመሽ አይደለም እንዴ! ልዩነቱ ዋጋውን ማን ይከፍላል የሚለው ላይ ነው። ፈይሳ የከፈለው ከራሱ ኪስ ነው፤ አገሩን፣ ቤቱን፣ የልጆቹን ድምፅ። ሌላ ሰው አላስከፈለም። ያነሣቸውም እጆች ባዶ ነበሩ፤ ድንጋይ የላቸውም፣ የታሰረ ሰው እጅ ይመስላሉ እንጂ የመቺ እጅ አይመስሉም።

ሁለተኛው ነገር መመለሱ ነው። በነሐሴ 2010 ዓ.ም. የአትሌቲክስ ፌዴሬሽኑ ፕሬዚዳንት ኃይሌ ገብረ ሥላሴና የኦሊምፒክ ኮሚቴው ፕሬዚዳንት አሸብር ወልደ ጊዮርጊስ ና፣ በክብር እንቀበልሃለን ብለው ጠሩት። ጥቅምት 11 ቀን 2011 ዓ.ም. ከነቤተሰቡ ቦሌ ገባ፤ የውጭ ጉዳይ ሚኒስትሩም ወጥተው ተቀበሉት። ከሁለት ዓመት በፊት ምልክቱን በመመሪያ የከለከለ መንግሥት፣ ሰዎቹ ተለውጠውም ቢሆን፣ የምልክቱን ባለቤት እጁን ጨብጦ አስገባ። እኛ አገር እንዲህ ያለውን ነገር ሽምግልና እንለዋለን፤ ጃርሱማ እንለዋለን። የተጣላ ሰው መጥቶ፣ የተጣላውም ሰው ተነሥቶ ሲቀበለው ነው እርቅ የሚባለው። በዚያች ቀን ምልክቱ መልኩን ለወጠ ብንል አልተሳሳትንም።

ከዚያ ወዲያ ሁሉም ሰላም ሆነ ብንል ግን ትስቁብናላችሁ። ሰኔ 22 ቀን 2012 ዓ.ም. የዚህች ከተማ ልጅ ሃጫሉ ሁንዴሳ አዲስ አበባ ላይ ተገደለ፤ ሰኔ 25 ቀን እዚሁ አምቦ ቀበርነው። በዚያው ሳምንት በብዙ ከተሞች ሰው በብሔሩ እየተለየ ተገደለ፣ ንብረት ተቃጠለ። የኃይሌ ሆቴሎችም በሻሸመኔና በዝዋይ ጉዳት ደረሰባቸው። ፈይሳን ና ብሎ የጠራው ኃይሌ ማለት ነው፤ የአሰላው ልጅ። ከዚያም በተከታዮቹ ዓመታት በዞናችን ወረዳዎች ተኩስ ሲሰማ፣ መንገድ ሲዘጋ፣ ሬሳ ወደ ትውልድ ቦታው ማድረስ አቅቶን እዚሁ የቀበርናቸው እንዳሉ ታውቃላችሁ።

ይህን የምናነሣው አለ ምክንያት አይደለም። ከኮሚቴያችን አንዱ አባል ወንድማቸው በሌላ ከተማ ሱቁ የተቃጠለው በዚያ ሳምንት ነው። በሦስተኛው ስብሰባ ላይ እንዲህ አሉን፤ "ፈይሳን እኔም እወደዋለሁ፤ ሪዮ ላይ እንደ እናንተው ነው ያለቀስኩት። ግን የወንድሜን ሱቅ ሲያቃጥሉ ክንዳቸውን አጣምረው ፎቶ የተነሡ ልጆች ነበሩ። ያንን ካናቴራ ለብሶ በደጄ የሚያልፍ ልጅ የትኛውን ክንድ እንደሚያሳየኝ በምን ዐውቃለሁ?" ያን ጊዜ ቤቱ ዝም አለ፤ እንደዚያች እሑድ። መልስ ያለው ሰው አልነበረም፤ ዛሬም ሙሉ መልስ አለን አንልም። አንድ ምልክት ከባለቤቱ እጅ ወጥቶ በሌላ እጅ ሲገባ ባለቤቱ አይጠየቅበትም፤ ይሁን እንጂ የተጎዳው ሰው ያየውን አላየህም ማለትም አይቻልም።

እኚሁ አባላችንና ልጃቸው የሞተባቸው እናታችን በአንድ መንደር ነው የሚኖሩት። ኮሚቴው ሁለቱንም በየቤታቸው ሄዶ አነጋገረ። እናታችን ስለ ካናቴራው ሲጠየቁ "እኔ ካናቴራ አልለብስ፣ ለምን ትጠይቁኛላችሁ?" ብለው ሳቁ። ቀጥለው ግን "የሱቁን ነገር አልሰማሁም ነበር፤ ለምን አልነገራችሁኝም? ሄጄ አጽናናቸው ነበር እኮ" አሉ። በማግሥቱም ሄዱ። ምን እንደ ተባባሉ አልጠየቅንም፤ ቡና ተፈልቶ እንደ ነበረ ብቻ ነው የምናውቀው።

እንግዲህ ለውሳኔ የቀረቡት ነገሮች ሁለት ናቸው። የመጀመሪያው በኮሚቴው አንድ ድምፅ የጸደቀና የእናንተን መጽደቅ የሚጠብቅ የደንብ ማሻሻያ ነው። ጡሩንባን በሚመለከተው አንቀጽ ላይ "ሟቹ የሞተበት ምክንያት ሳይጠየቅ" የሚል ሐረግ ይጨመርበታል። ጡሩንባ ነፊያችንም ከእንግዲህ ማንም የኮሚቴ አባል አትንፋ ቢለው እንዳይሰማ በጽሑፍ ይነገረዋል።

ሁለተኛው የካናቴራው ጉዳይ ነው። ሦስት አማራጭ አለ፤ የፈይሳ ምስል ያለበት፣ ምንም ምስል የሌለበት፣ ወይም ወጣቶቹ በመጨረሻ ያመጡት ሐሳብ፣ ከፊት ፈይሳ ክንዱን አጣምሮ፣ ከኋላ ስሚዝና ካርሎስ የኖርማንን ሬሳ ሣጥን ተሸክመው የሚታዩበት። የመጨረሻው ሁለት ፊት ኅትመት ስለሆነ ዋጋው ከፍ ይላል፤ ሒሳብ ሹማችን ከአሁኑ ተኮሳትረዋል፣ እያያችኋቸው ነው። ወረቀቱ በየወንበራችሁ ላይ ተቀምጧል፤ ሣጥኑ ከበሩ በስተቀኝ ነው። መጻፍ ለማይችሉ እናቶችና አባቶች ልጆች ይረዷቸዋል። ከምሳ በፊት ብትጨርሱልን መልካም ነው፤ ወጡ እንዳይቀዘቅዝ።